ነፍጥና ኬላ

ከሻሸመኔ በሀላባ አድርጋችሁ ወደ ወላይታ ሶዶ ስትመጡ ፍተሻ ካጋጠማችሁ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። «ሁላችሁም ውረዱ!» ይባላል፤ ሴት በአንድ ወገን፣ ወንድ በሌላ፤ መታወቂያ፣ ኪስ፣ ሻንጣ። እኛ የምንጨነቀው መኪናው ጥሎን እንዳይሄድ ነው። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ወገቡ ላይ የታጠቀ ሰውስ? ወንጀል አልሠራም፤ ነገር ግን በዚያ ሰልፍ ላይ ከሁላችንም ይልቅ ለአደጋ የቀረበው እሱ ነው። ለምን? እስኪ ወደ ኋላ እንመለስ።

ነፍጥ በወላይታ ምድር በደግ አይታወስም። በ1887 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ሠራዊት ጠመንጃውን ይዞ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምት፣ የወላይታ ሰው የመከተው በአብዛኛው በጦርና በጋሻ ነበር። ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ጦናም ቆስለው ተማረኩ። ከዚያ በኋላ መሬቱንና ገበሬውን የተከፋፈለው ሹምና ወታደር በያዘው መሣሪያ ስም «ነፍጠኛ» ተባለ። ጠመንጃ ማለት ጌትነት ሆነ። የየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ደርግ ባለርስቱን ትጥቅ አስፈትቶ የገበሬ ማኅበራትን አስታጠቀ። ጠመንጃው እጅ ቀየረ እንጂ ትርጉሙ ያው ነበር፤ የያዘ ያዛል።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይህን ለመለወጥ ሞከረ፤ ጠመንጃ የጉልበት ሳይሆን የፈቃድ ጉዳይ ነው አለ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በነሐሴ 2012፣ የዞኑ አመራሮች መታሰራቸውን ተከትሎ በሶዶ አደባባይ የወጡ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተገደሉ። እንግዲህ ኬላ ላይ የሚገናኙት ሁለት ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ሁለት ፍርሃቶችም ናቸው። ፖሊሱ ጠመንጃ ያያል፤ ተፈታሹም ጠመንጃ ያያል።

ፈቃዱ ያለው ኪስ ውስጥ ነው። ፖሊሱ አስቀድሞ የሚያየው ግን እጅን ነው። ስለዚህ የታጠቃችሁ ወንድሞቻችን፣ ሞተሩን አጥፉ፤ ከመሸም የውስጥ መብራቱን አብሩ። እጃችሁ መሪው ላይ ይታይ። ሳትጠየቁ፣ በረጋ ድምፅ፣ «ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይዣለሁ፤ እዚህ ጋ ነው፤ ምን ላድርግ?» በሉ። «አውጣ» ሳትባሉ ወደ ወገባችሁም ወደ ኪሳችሁም እጅ አትስደዱ። ክርክር ካለም ጣቢያ ይደርሳል።

ይህ ፍርሃት አይደለም። በዚህ አገር ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ከሰው ቀድሞ ተናግሯል፤ ኬላ ላይ እንኳ ሰው ይቅደመው።