ስለ ስፖርት ማኅበርና ስለ ሕዝብ ገንዘብ፤ የድሬዳዋው ኮተን ታሪክ የሚያስተምረን

የአንድ ከተማ ሕዝብ ከግብሩና ከቀረጡ ያዋጣውን ገንዘብ ለእግር ኳስ ክለብ በሰጠ ጊዜ፣ ያ ገንዘብ ተመልሶ ለሕዝቡ እንጀራ ይሆናል ወይስ በሜዳው ላይ ፈስሶ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ዛሬ በየከተማው ምክር ቤት የሚነሣ፣ በየቡና ቤቱም ሰውን ከሰው የሚያከራክር ጉዳይ ነው። አንዱ ወገን ክለቡ ከፈረሰ የከተማው ስም አብሮ ይጠፋል ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ የቧንቧ ውኃ ላልገባለት ቀበሌ ሊውል ይገባው የነበረ በጀት ለተጫዋች ደመወዝ ዋለ እያለ ያዝናል። ሁለቱም ከቅን ልቡና የሚናገሩ ስለሆኑ አንዱን አክብሮ ሌላውን መናቅ አይገባም፤ ነገር ግን ክርክሩ በስሜት ብቻ ከቀጠለ መቋጫ የለውምና፣ ያለፈውን ዘመን ምስክር አድርጎ ማቅረብ ያስፈልጋል። ለዚህም የሚሆን ታሪክ ያላት ከተማ ድሬዳዋ ናት።

በሀገራችን ጨዋታን ደግፎ ማኖር አዲስ ልማድ አይደለም። በቀድሞው ዘመን መኳንንቱና መሳፍንቱ የጉግስ ፈረሰኞችን በግቢያቸው እየቀለቡ ያኖሩ ነበር፤ በበዓል ቀን ፈረሰኛው በአደባባይ ሲጋልብ፣ ጋሻውን ሲመክትና ዘንጉን ሲወረውር፣ የሚመሰገነው ከፈረሰኛው ይልቅ የቀለበው ጌታ ነበረ። የገና ጨዋታ ግን ቀላቢ ጌታ አልነበረውም፤ የመንደሩ ጎልማሳ ሁሉ ከጫካ የቆረጠውን ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩሯን ለመምታት ይወጣ ነበርና ጨዋታው የመላው መንደር ገንዘብ ነበር። እነዚህ ሁለት ሥርዓቶች፣ ማለት ለጌታ ክብር የሚደረገው ጨዋታና ባለቤቱ ራሱ የሚጫወተው ጨዋታ፣ እግር ኳስ ወደ ሀገራችን ከገባ በኋላም ስማቸውን ለውጠው አብረውን ኖረዋል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት የአራዳ ልጆች ማኅበር ነበር። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲደረግም የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ሲሆኑ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በቀር ያሉት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ፤ የዚያን ዓመት ዋንጫም የሚሲዮኑ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው፣ ከወታደራዊው ሚሲዮን በቀር፣ ክለብን በመጀመሪያ የደገፈው የመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይሆን፣ በአንድ ቋንቋ ወይም በአንድ ሰፈር የተሳሰረ ወገን መሆኑን ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት የጦር ሠራዊቱ ቡድን መቻል በተደጋጋሚ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ደጋፊነቱ ከወገን ወደ መሥሪያ ቤት መሻገር ጀመረ። ከዚያም የፋብሪካው ዘመን መጣ።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከዚያ ቆላ በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ተቆረቆረች፤ የደቻቱ ወንዝም ለሁለት ከፈላት፤ በአንድ ወገን ጎዳናው በልክ ተቀይሶ ዛፍ የተተከለበት ከዚራ፣ በሌላው ወገን ነጋዴውና ሸማቹ የሚተራመስበት መጋላ። ባቡሩ ዕቃ አውራጅና አንጥረኛ፣ ጸሐፊና አስተርጓሚ፣ ነጋዴና አሳላፊ ከየሀገሩ ሰብስቦ ስላመጣ፣ ከተማይቱ ባላገርነትን ከማያውቁ፣ በቀን ሥራና በወር ደመወዝ ከሚኖሩ ሰዎች ተሠራች። በከተማይቱ የነበረው የጥጥ ፋብሪካ የኳስ ቡድን ባቋቋመ ጊዜ ያገኘው ሕዝብ ይህን የመሰለ ነበር፤ ሕዝቡም ቡድኑን ከፋብሪካው ስም ወስዶ ኮተን አለው።

የኮተን ዝና የወጣው በአጭር ዘመን ነው። ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. በነበሩት ስድስት የውድድር ዘመናት አራቱን ዋንጫ ኮተን ሲወስድ፣ ሁለቱን ደግሞ ኢትዮ ሲሚንቶ ወሰደ፤ እንግዲህ በዚያ ጊዜ የሀገሪቱ የኳስ ዘውድ ስድስቱንም ዓመት ከፋብሪካ ስም አልወጣም ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደርጎ ኢትዮጵያ የተባበረችውን የዓረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ፣ የብሔራዊው ቡድን አምበል ሆኖ ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው የኮተኑ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበረ፤ ከአራቱ ግቦች አንዷን እርሱ፣ አንዷን ወንድሙ ኢታሎ አግብተዋል። ክር ፈትሎ ጨርቅ የሚያወጣ ፋብሪካ ለሀገሩ እንዲህ ያለ ክብር ማስገኘቱ ሊታወስ የሚገባው ነው።

ይሁን እንጂ የኮተን ጥቅም ከዋንጫው ይልቅ በአኗኗሩ ሥርዓት ውስጥ የነበረ መሆኑን ማስተዋል ያሻል። በዚያ ዘመን በመሥሪያ ቤት ክለብ የሚጫወት ሰው በልማዱ ከመዝገብ የገባ ሠራተኛ ነበር። እስቲ እንዲህ ያለውን ወጣት በዓይነ ልቡናችን እንየው፤ ጠዋት በፈረቃው ገብቶ የጥጥ ብናኝ በጸጉሩ ላይ እያረፈ በመፍተያው ማሽን አጠገብ ሲቆም፣ የተበጠሰውን ክር በጣቱ ሲቀጥል፣ የሞላውን ማጠንጠኛ አንሥቶ ባዶውን ሲተካ ይውላል፤ የቆላው ፀሐይ ሲበርድ ጫማውን አሥሮ ወደ ሜዳ ይወርዳል። በወሩ መጨረሻ የሚቀበለውን ደመወዝ በመጋላ ሱቅ ይገበያይበታል፣ ለቤት ኪራይ ይከፍልበታል፣ ለእናቱ ይልክበታል። ጉልበቱ ደክሞ ኳስ ያቆመ ቀንም ሙያው በእጁ ይቆየዋል። እንግዲህ ፋብሪካው ለኳሱ ያወጣው ገንዘብ በዚያው ከተማ ሥራ ሆኖ፣ ሙያ ሆኖ፣ የቤት ኪራይ ሆኖ የሚቀር ነበር።

ይህ ሥርዓት የእኛ ብቻ አልነበረም። በኔዘርላንድ የአይንድሆቨኑ ክለብ ፒ.ኤስ.ቪ. እ.ኤ.አ. በ1913 ከፊሊፕስ ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል ተወለደ፤ በጀርመን ባየር ሌቨርኩሰን በ1904 ከመድኃኒት ፋብሪካ፣ በፈረንሳይ ሶሾ በ1928 ከፔዦ መኪና ፋብሪካ ወጡ። በእነዚህ ከተሞች ሁሉ ፋብሪካው ክለቡን የወለደው ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በፍቅር እንዲተሳሰር፣ ዕረፍቱንም በመልካም ነገር እንዲያሳልፍ አስቦ ነው። ወጪው የትርፍ ተካፋይ እንጂ የግብር ተካፋይ አልነበረም፤ ፋብሪካው ካተረፈ ክለቡ ይኖራል፣ ከከሰረም የሚጎዳው ባለንብረቱ እንጂ ውኃ የሚጠብቀው ቀበሌ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና ታላላቅ ፋብሪካዎች በመንግሥት እጅ በገቡ ጊዜ ግን የነገሩ መሠረት ተለወጠ። ፋብሪካው የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ክለቡም በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ሆነ፤ የባቡሩ ቡድን ምድር ባቡር በ1969 ዓ.ም.፣ ኮተንም በ1975 ዓ.ም. ዳግመኛ ሻምፒዮን ሲሆኑ ወጪያቸውን የሚሸፍነው በመጨረሻው ሒሳብ መላው የሀገሪቱ ሕዝብ ነበር። ያም ሆኖ ተጫዋቹ ሠራተኛ ሆኖ የመቆየቱ ልማድ ስላልጠፋ፣ ጥቅሙ በከፊል ተጠብቆ ኖረ። ድሬዳዋም ከመንግሥት ወጪ ሌላ ትሩፋት አገኘች፤ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ የሞሮኮ፣ የናይጄሪያ፣ የሱዳንና የዛየር ቡድኖች ምድባቸውን በድሬዳዋ ሜዳ ተጫውተው፣ በመጨረሻም ዋንጫውን ያነሣችው ከዚያው ምድብ የወጣችው ሞሮኮ ሆነች።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ሲከፈት፣ የሀገር ጨርቅ ከሰልባጁና ከውጭ ከሚገባው ርካሽ ልብስ ጋር መፎካከር ግድ ሆነበት። አሮጌ ማሽንና አሮጌ ዕዳ የተሸከመ ፋብሪካ ሠራተኛውን ማኖር ባቃተው ጊዜ ኳስ ተጫዋቹን ሊያኖር አይችልምና፣ የኮተንም ስም ከፋብሪካው ጋር እየደከመ ሄደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ክለብ የሀብት ፍሬ እንጂ የሀብት ሥር አይደለም። ከተማ ሲለማ ክለቡ ያብባል፤ ክለቡን ብቻ በማስጌጥ ግን ከተማ አይለማም።

በ1990 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ከተቋቋመ ወዲህ ከፋብሪካው የተረፈውን ስፍራ የከተማ አስተዳደሮች እየያዙት መጡ። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም.፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ድሬዳዋንም ዛሬ የሚወክላት በከተማው ስም የሚጠራው ክለብ ነው። ነገር ግን ለእንዲህ ያለው ክለብ የምትወጣውን አንዲት ብር እስከ መጨረሻዋ ብንከተላት የኮተኗን ብር መንገድ አትሄድም። ከከተማው ግምጃ ቤት ትወጣለች፣ ለአንድ ዓመት ወይም ለሁለት ዓመት ውል ለፈረመ እንግዳ ተጫዋች ትከፈላለች፣ ተጫዋቹም ቤተ ሰቡ ወዳለበት ሌላ ከተማ ይልካታል ወይም ውሉ ሲያበቃ ይዟት ይሄዳል። ከተሞቹ ለአንድ ተጫዋች እርስ በርሳቸው ሲጫረቱ ዋጋው ወደ ላይ እየወጣ፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከ መወሰን ተደረሰ። ከተሞቹ ሁሉ ተፎካክረው ደመወዙን ቢያሳድጉ ዋንጫው አንድ ብቻ ነውና፣ ከጠቅላላው ወጪ የሚገኘው ክብር አይጨምርም።

በ2013 ዓ.ም. ውድድሩ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምርና ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ መደረግ ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ድሬዳዋ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ስትሆን የየክለቡ ልዑካን ለሳምንታት በሆቴሎቿ አደሩ፤ የአልጋ ኪራዩ፣ የምግቡ፣ የልብስ አጠባውና የባጃጁ ሒሳብ በከተማይቱ ቀረ። አስተናጋጇ ከተማ በእርግጥ ተጠቀመች፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ በአብዛኛው የሌላ ከተማ ግብር ከፋይ ገንዘብ ነበርና፣ አንዱ ጋ የሞላው ሌላው ጋ የጎደለው ነው። በአሜሪካ ስለ ስታዲየሞች የጻፉት ሮጀር ኖልና አንድሩ ዚምባሊስት የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ ወደዚህ የቀረበ ፍርድ ሰጥተዋል፤ ሰው ለጨዋታ የሚያወጣው ገንዘብ በአብዛኛው በዚያው ከተማ ለሌላ መዝናኛ ያወጣው የነበረ ስለሆነ፣ የሕዝብ ድጎማው የተነገረለትን ያህል ሥራና ገቢ አያስገኝም።

እንግዲህ የከተማ ምክር ቤት ለክለቡ ምንም አይስጥ ልል አይደለም። ወጣቱን ከሥራ ፈትነት የሚያርቅ ሜዳ፣ የልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪዎችን በአንድ መለያ የሚሰበስብ ቡድን፣ ከተማ ለራሷ ያላት ክብር፣ እነዚህ ሁሉ በገንዘብ የማይመዘኑ ሀብቶች ስለሆኑ ሕዝብ ወዶ ቢከፍልባቸው ተገቢ ነው። የማይገባው፣ ለደስታና ለክብር የሚወጣውን ወጪ የልማት ሥራ ነው ብሎ በስመ ኢኮኖሚ ማስጸደቅ ነው። የሕዝብ ገንዘብ አደራ ነው፤ አደራ ተቀባይም ለምን እንዳወጣው በእውነተኛ ስሙ ጠርቶ ሊናገር ይገባዋል።

ስለዚህ ምክር ቤቶቻችን ለክለብ በጀት ሲያጸድቁ ሦስት ነገር ቢያዩ መልካም ነው። አንደኛ፣ ለተጫዋች፣ ለአሠልጣኝ፣ ለጉዞና ለሜዳ የወጣው ሒሳብ በየዓመቱ ለነዋሪው በግልጽ ይነገር። ሁለተኛ፣ ከገንዘቡ ጉልህ የሆነው ክፍል ከተማውን ለቆ በማይሄደው ነገር ላይ፣ ማለት በሰፈር ሜዳ፣ በታዳጊ ቡድንና በሀገር ልጅ አሠልጣኝ ላይ ይዋል። ሦስተኛ፣ የኮተን ዘመን ልማድ ታድሶ ተጫዋቹ ከኳስ ጋር ሙያ እንዲማር ይደረግ፤ ደጋፊውም በአባልነት መዋጮው ባለቤት እንዲሆን በሩ ይከፈትለት። እንዲህ ከሆነ ክለቡ የአንድ ሹም ስም ማስጠሪያ መሆኑ ቀርቶ እንደ ገና ጨዋታው የመንደሩ ሁሉ ገንዘብ ይሆናል። ዋንጫ ባይገኝ እንኳ ሜዳው፣ ሙያውና የሠለጠነው ልጅ በከተማው ይቀራሉና፣ የሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ ዋለ ብሎ በድፍረት መናገር የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።