ተማሪ ቤት በምን ይመዘናል?

ለ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከግማሽ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ነው። አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። ፈተናው ስርቆትን ለመከልከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ነበርና፥ ቀድሞ ተሸፍኖ የኖረው ድካም በአንድ ቀን ተገለጠ። ወሬው በተሰማ ጊዜ አንዱ ተማሪውን ሰነፍ አለ፤ ሌላው መምህሩን ወቀሰ፤ ሽማግሌዎችም «የጥንቱ ተማሪ ቤት እንዲህ አልነበረም» እያሉ አዘኑ። ዳሩ ግን ከመፍረድ በፊት ሚዛኑን መመርመር ይገባልና፥ የጎንደርን የጥንት ጉባኤ ቤቶች ምስክር አድርገን ጥቂት እንናገራለን።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በዐፄ ፋሲል ከተቆረቆረች በኋላ፥ በአድባራቷ ዙሪያ ጉባኤ ቤቶች ተተከሉ። ተማሪዎቹ እነማን ነበሩ ቢሉ፥ የከተማይቱ ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ ከጎጃም፥ ከላስታ፥ ከትግራይ፥ ከሸዋም በእግራቸው የመጡ ነበሩ እንጂ። አገሩ ሁሉ የየራሱ ሙያ ነበረውና፤ ድጓን የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕትን የሚሻ ወደ ዙር አምባ፥ ቅኔን የሚሻ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይሄድ ነበር። ጎንደር ደግሞ በመጻሕፍት ትርጓሜና በአቋቋም የታወቀች ስትሆን፥ በአታ የአቋቋም ምስክር ቤት ናት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ወደ ጎንደር መጻሕፍት ቤት የደረሰው ተማሪ አስቀድሞ ብዙ ወንፊት ያለፈ ነው። ፊደል ከቆጠሩት ሕፃናት ብዙዎቹ ዳዊት ሲደግሙ ወደ እርሻቸው ተመለሱ፤ ከቀሩትም እኩሌቶቹ በዜማ ቤት፥ እኩሌቶቹ በቅኔ ቤት ቀሩ፤ አንዳንዱንም በመንገድ ላይ ረኃብና ንዳድ ወሰደው። የቀሩትን የሚቈጥር መዝገብ አልነበረም፤ የደረሱትን ግን ሁሉ ያውቃቸዋል። ስለዚህ «የጥንቱ ተማሪ ሁሉ ሊቅ ነበር» የሚል ሰው ምርቱን ብቻ አይቶ፥ ገለባው ወዴት እንደ ሄደ ሳይጠይቅ የሚናገር ነው።

ይህ ሲባል ግን የአባቶች ትምህርት ብልሃት አልነበረውም ማለት አይደለም። የቅኔ ተማሪ በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ 3 ቤት ዘአምላኪየ፥ ኋላም ወደ 8 ቤት መወድስ የሚያድገው ዓመት ስላለፈ ሳይሆን የፊተኛውን ስላወቀ ነው። ቀን በየጥሻው ሲቈጥር የዋለውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የእያንዳንዱን ቅኔ በጆሮው ሰምቶ ያርመዋል። ቀድሞ የተማረው ኋለኛውን ያስቀጽላል። የአንዱ ድካም በሌላው ብርታት አይሸፈንም፤ ሳያውቅ ያለፈ፥ አውቆም የተያዘ የለም።

የተማሪው ኑሮ ደግሞ በሕዝቡ እጅ ነበረ። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን ቁራሽ ካላገኘ ትምህርቱ ይቋረጣል። አገር ሲጠግብ ጉባኤ ይሰፋል፤ አገር ሲታወክ ጉባኤ ይፈታል። በ1859 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጎንደርን በዘበዘ፥ አቃጠለም፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሽ አብያተ ክርስቲያናቱን አነደደ፤ ከጥቂቶቹ ጋር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። መጽሐፉ ተቃጥሎ መምህሩ ተሰዶ ሳለ፥ የ1881 ዓ.ም. ተማሪ ከአባቱ አንሶ ቢገኝ «ሰነፍ ነው» ብሎ የሚፈርድበት ማነው? እንዲሁ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ስንት የትምህርት ቤት በር እንደ ተዘጋ የሚያውቅ፥ የእነዚያን ልጆች ውጤት ሲያነብ ይህንንም አብሮ ማንበብ አለበት።

የአባቶችንም ጉድለት አንሰውር። በጉባኤው የተቀመጡት ወንዶች ነበሩ ለማለት ይቻላል። በጎጃም ዓይነ ስውርዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔን ተምረው ለብዙ ወንዶች መምህር መሆናቸው፥ ሴት ልጅ የተከለከለችው ዕድልን እንጂ አእምሮን እንዳልሆነ ይመሰክራል። የእስላሙ ልጅ በቁርኣን ቤቱ፥ የቤተ እስራኤሉም ልጅ በካህናቱ ዘንድ ለየብቻ ይማር ነበር፤ በዐፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን ሰፈራቸው እንደ ተለየ ትምህርታቸውም ተለይቶ ኖረ።

ዛሬ ሁሉም በአንድ ደጅ ይገባል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በማራኪ ባለው ግቢም ከአራቱ ማዕዘን የመጡ ወንዶችና ሴቶች ይማራሉ። እነዚህም እንደ ጥንቱ የመጻሕፍት ቤት ተማሪዎች በወንፊት ያለፉ ናቸው። ከግቢው አጥር ውጭ ያለው ትንሽ የሕዝብ ትምህርት ቤት ግን ወንፊት የለውም፤ የነጋዴውንም፥ የጉልት ሻጭዋንም፥ ከገጠር ተፈናቅላ የመጣችውንም ልጅ ይቀበላል። የተመረጡትን የሚቀበለውንና ሁሉን የሚቀበለውን በአንድ ቁጥር ማወዳደር፥ የተበጠረውን እህል ካልተበጠረው ጋር በአንድ ቁና ሰፍሮ ዋጋ እንደ መቁረጥ ነው።

ታዲያ ስንፍና ይመስገን ማለታችን ነውን? አይደለም። 3.3 የሚለው ቁጥር እውነት ነው፤ እውነትም ያሳፍራል። ነገር ግን ቁጥሩ ሕፃኑ የደረሰበትን እንጂ የተነሣበትን አይናገርም። ስለዚህ መምህር ሆይ፥ ልጁ ሲገባ ምን ያውቅ እንደ ነበረ ጻፍ፤ እንደ የኔታም እያንዳንዱን በጆሮህ ስማ፤ ያላወቀውን ወደ ላይ አትግፋው። የከተማው ሰው ሆይ፥ አባቶችህ ለማያውቁት እንግዳ ተማሪ ቁራሽ አልነሡም፤ አንተም የጎረቤትህ ልጅ በልቶ መዋሉን ጠይቅ። ይህን ከፈጸምን በኋላ ሰነፉን ብንወቅስ ወቀሳችን ፍርድ ይሆናል፤ ሳንፈጽም ብንወቅስ ግን የራሳችንን ዕዳ በሕፃን ትከሻ መጫን ነው።