አይጠየፍ መኝታ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ክፍል የተከራየ ወይም ኮንዶሚኒየም የደረሰው ወጣት ዛሬ ዛሬ አንድ ቃል ለምዷል፦ ኤክሌክቲክ። ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ ይዞ የቤት ዕቃ ሱቅ ይገባና “መኝታ ቤቴ እንደዚህ ቢሆንልኝ” ይላል። ፎቶው ላይ የሞሮኮ ምንጣፍ አለ፣ የድሮ የእንግሊዝ ወንበር አለ፣ የህንድ አልጋ ልብስ አለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ የእኛን የሚመስል ሰፌድ ተሰቅሏል። ልጁ ሰፌድ ግድግዳ ላይ ማየቱ ከውጭ የመጣ ፋሽን ይመስለዋል። አያቱ ቤት ሲያድር ግን ከራስጌው በላይ ተሰቅሎ ነበር።

ቃሉ ከግሪክ ነው፤ “መራጭ” እንደማለት ነው። ከዚህም ከዚያም መርጦ፣ የአንዱን ዘመን ከሌላው፣ የአንዱን አገር ከሌላው ቀላቅሎ ማስጌጥ። ለዚህ ነገር የአማርኛ ቃል አጣሁ ለሚል ግን ደሴ ድረስ ይሂድ። ንጉሥ ሚካኤል እዚያ ያሠሩት ግብር ማብያ አዳራሽ ስሙ “አይጠየፍ” ነው። ማንንም አይጠየፍም፣ የመጣውን ሁሉ ያስገባል ለማለት። ባለቤቱም እስከ 1870 ዓ.ም. ኢማም መሐመድ ዓሊ ሲባሉ የኖሩ፣ በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ምክንያት ክርስትና ተነስተው ሚካኤል የተባሉ ሰው ናቸው። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም። ኤክሌክቲክ ማለት አይጠየፍ ነው።

መኝታ ቤት ካልን ከአልጋው እንጀምር። እኛ ዘንድ አልጋ ዕቃ ብቻ አይደለም። ንጉሥ ሲሾም “አልጋ ያዘ” ይባላል፤ ተተኪው “አልጋ ወራሽ” ነው። ይህ ዝም ብሎ የመጣ ዘይቤ አይደለም። ነገሥታቱ የእውነት አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር እንግዳ የሚቀበሉት። በጠፍር የተወጠረ የእንጨት አልጋ፣ በላዩ ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ ሐርና ትራስ። ምንጣፉ ከፋርስ ወይም ከቱርክ፣ ሐሩ ከህንድ ወይም ከዚያ ማዶ፣ በቀይ ባሕር በኩል በነጋዴ እጅ የመጣ ነው። እንጨቱና ጠፍሩ የአገር ቤት። እንግዲህ የመጀመሪያው ኤክሌክቲክ አልጋችን መንግሥቱ ራሱ ነበር ማለት ነው።

ይህን ነገር እስከ ጥግ የወሰደው የጎንደሩ ዳግማዊ ኢያሱ ነው፤ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1755 የነገሠው። ከሰምርኔስ (ከዛሬዋ ኢዝሚር) ሸሽተው የመጡ የግሪክ ባለእጆች አገኘና አንድ የመቀበያ ክፍል አስጀመራቸው። ከእሱ በኋላ ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ክፍሉን በዝርዝር ጽፎታል። የግድግዳው የታችኛው ክፍል በዝሆን ጥርስ ተለብጧል። ከዝሆን ጥርሱ በላይ ሦስት ረድፍ መስታወት፣ ከቬኒስ የመጣ፣ ወርቅ በተቀባ የመዳብ ክፈፍ ተያይዞ። ቀና ሲሉ ደግሞ ጣሪያው የተሰነጠቀና ቀለም የተቀባ ሸምበቆ ነው፤ በቅርጽ በቅርጽ እንደ ሞዛይክ የተደረደረ። የሸምበቆው ሥራ የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ነው። ብሩስ ከሁሉ አብልጦ ያደነቀውም የቬኒሱን መስታወት ሳይሆን ይህንኑ የሸምበቆ ጣሪያ ነው። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። መስታወት ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል።

ታዲያ ይህ ጌጥ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ንጉሡ ቤት ሲያስውብ ጦር ሜዳ አይወጣም ተብሎ ታማ። “የኢያሱ ትንሹ ዘመቻዎች” እያለ የሚያላግጥበት ጽሑፍም ተሠራጨ። ነገሩ ከንክኖት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1744 ወደ ስናር ዘመተና ክፉኛ ተሸነፈ። ለሐሜት መልስ ለመስጠት ስንት ሰው እንዳለቀ አስቡት። ክፍሉም አላለቀም፤ መስታወት አነሰው። ንጉሡ ሲሞት የክፍሉ ባለእጆች ጠያቂ አጡና በርካሽ ክፍያ ኮርቻና ልጓም፣ ጎራዴ ማስጌጥ ያዙ። የተረፉት የመጨረሻዎቹ መስታወቶች እ.ኤ.አ. በ1771 ከሰርባኩሳ ጦርነት በኋላ ሲሰባበሩ ብሩስ ራሱ እዚያው ነበር።

መስታወትና ቤተ መንግሥት በእኛ ታሪክ ብዙ አይዋደዱም። ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሙዚየም የአፄ ኃይለ ሥላሴን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ማየት ይቻላል። ልብስ መለወጫቸው ውስጥ ያለው መስታወት ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የተረፈ የጥይት ቀዳዳ አለበት። ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተው ሄዱ። ስለ ዕቃው ብዙ አልልም፤ ያ መኝታ ቤት በአብዛኛው የአውሮፓ መኝታ ቤት ነው፤ ለእኔ የጎንደሩ ይበልጥብኛል።

አሁን ከቤተ መንግሥት ወርደን ደጋ እንውጣ። አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ። በዚህ አገር የመኝታ ቤት ዲዛይነሩ ብርድ ነው። ውርጩ ጨዋታ አያውቅም፤ ስለዚህ የገበሬው ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ለሙቀት፣ ቀጥሎ ለዐይን ነው። መደቡ ከጭቃ ከቤቱ ጋር አብሮ ይሠራል፤ በእበት ይለቀለቃል። ከፍ ብሎ የተሠራ ቆጥ ያለበት ቤት ከሆነ ሰው ላይ ይተኛል፣ ከብት ታች ያድራል፤ የከብቱ ትንፋሽ ለላይኛው ማሞቂያ ነው። ክፍል ከክፍል የሚለየው ብዙ ጊዜ ግድግዳ ሳይሆን ጎታ ነው። እህሉም ይቀመጣል፣ መኝታውም ከእንግዳ ዐይን ይከለላል። የዘንድሮ ዲዛይነሮች “ክፍል የሚከፍል መደርደሪያ” እያሉ በውድ የሚሸጡት ነገር ይኸው ነው።

ዕቃውን አንድ በአንድ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ካርታ ይወጣዋል። ታች የሚነጠፈው ቁርበት ከቤት ነው። ሰሌኑ ደጋ ላይ ከሚበቅል ነገር አይሠራም፤ ከቆላ የወጣ ዘንባባ ነው፤ የአፋር ሴቶች የሚሠሩት ሰሌን በባቲ የሰኞ ገበያ በኩል ወደ ደጋ ይወጣል። የጋቢው ጥጥም የቆላ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፌድና ሌማት በስንደዶና በአክርማ ተሠርቶ በአለላ ያጌጠ የቤቱ እመቤት ወይም የእናቷ እጅ ሥራ ነው። የተሰቀለውም ለፎቶ አይደለም። ወለሉ እርጥብ ነው፣ አይጥም አለ። ግን ያው፣ ሰቃይዋ ስትሰቅል የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ እንደሚያምር ሳታስብ አልሰቀለችም።

ወሎ በመሆኑ ሌላም ነገር ይጨመርበታል። በአንድ ዘር ውስጥ አጎት እስላም፣ የወንድም ልጅ ክርስቲያን መሆኑ እዚህ አገር ወሬ አይደለም። በአንዱ ቤት የመስገጃ ቁርበት ተጠቅልሎ ይቆማል፤ በሌላው የማርያም ስዕል በመጋረጃ ተሸፍኖ ይሰቀላል። በሁለቱም ቤት ግን መደቡ አንድ፣ ጀበናው አንድ፣ ብርድ ልብሱም አንድ ነው፦ ባና።

ስለ ባና ትንሽ ልቆይበት፤ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእሱ ብዬ ነው። ለጋምቦን ጨምሮ በወሎ ደጋ፣ በመንዝም እንዲሁ፣ በጉ ፀጉር ያበቅላል። ፀጉሩ ይሸለታል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። ቀለም አይነከርም፤ ጥቁሩ የጥቁር በግ፣ ቡናማው የቡናማ፣ ነጩ የነጭ። መስመሩ የሚወጣው ከበጎቹ ነው። ከባድ ነው፣ ይኮሰኩሳል፣ መጀመሪያ የተኛበት ሰው ያከዋል። ግን ውርጭ በገባበት ሌሊት ከላዩ የሚወስደው የለም። ጎጆ ሲወጣ ለሙሽሮች፣ ለእንግዳ፣ ለበሽተኛ የሚወጣው እሱ ነው። ከአንድ ባና በስተጀርባ የስንት ወር ምሽት ፈትል እንዳለ የሚያውቅ ሰው ዋጋው ላይ አይከራከርም።

ከተማ ስንገባ የደሃው መኝታ ቤት ሌላ ብልሃት ፈጠረ፤ ጋዜጣ። ከጭድና ከጭቃ የተመረገ ግድግዳ አፈር ያራግፋል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ይለጠፍበታል፦ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን፣ የውጭ መጽሔት፣ የሳሙና ማስታወቂያ፣ የእግር ኳስ ተጫዋች። ንባብ እዚያ ግድግዳ ላይ የለመደ ስንት ሰው አለ! አንገቱን አዙሮ ተገልብጦ የተለጠፈውን ዜና ሲያነብ፣ ወሬው ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ይገባበታል። ይህ ግድግዳ በዓይነቱ የፖለቲካ ታሪክም ነበር። መንግሥት ሲለወጥ አዲሱ ጋዜጣ በአሮጌው ላይ ይለጠፋል፤ ጥግ ላይ ሲላጥ የንጉሡ ዘመን ከደርጉ ሥር ብቅ ይላል።

ቀጥሎ የመጣው የአረብ አገሩ ዘመን ነው። ከወሎ ደጋ የወጡ እህቶቻችን ጂዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርተው የላኩት ዕቃ የቤታችንን መልክ ለውጦታል። መጅሊሱ፣ ወርቃማው መጋረጃ፣ ነብር የተሳለበት ወፍራም ብርድ ልብስ። በዚህ ብርድ ልብስ ላይ መሳቅ ለአዲስ አበባ ልጅ ቀላል ነው፤ እኔን ግን አያስቀኝም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ሌላ ነገር ሳይይዙ የተመለሱ ብዙ ነበሩ። ለእነሱ ቀድመው የላኩት መጅሊስና ብርድ ልብስ የዓመታት ደመወዛቸው ማስረጃ ነው። መደቡ ላይ የነብሩ ብርድ ልብስ ከባናው አጠገብ ታጥፎ ስታዩ፣ ያ ክፍል ከየትኛውም መጽሔት ፎቶ ይልቅ ኤክሌክቲክ ነው። የቀላቀለው ግን ዲዛይነር ሳይሆን የአንዲት ልጅ ጉልበት ነው።

የሚያሳዝነው የነብሩ ብርድ ልብስ መምጣቱ አይደለም። የሚያሳዝነው ባናው መውጣቱ ነው። ፋብሪካ የሠራው ይቀላል፣ አይኮሰኩስም፣ ይረክሳል፤ ደገኛውን “ለምን ገዛህ?” ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ነገር ግን ፈታዮቹ ሲያረጁ ልጆቻቸው እንዝርት ካልያዙ፣ የኢያሱ ሸምበቆ ሰንጣቂዎች የደረሰባቸው ይደርስባቸዋል፤ ሙያው ገዢ ሲያጣ ወደ ኮርቻ ጌጥ ይወርዳል፣ ከዚያም ይጠፋል። ሙዚየም ይይዝልናል ማለትም ብዙ አያስተማምንም። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል።

ገዢው ደግሞ እኛ ልንሆን እንችላለን። ለአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ክፍል “የሞሮኮ ምንጣፍ” ተብሎ በማሽን የተሠራውን ከመግዛት አንድ ባና መግዛት ይሻላል። አልጋው ላይ መኮስኮሱን ካልቻላችሁት እግርጌ አጥፋችሁ አስቀምጡት፣ ወይም ወለል ላይ አንጥፉት፣ ወይም ከራስጌ ግድግዳው ላይ ስቀሉት። ጥቁርና ቡናማው ከማንኛውም ቀለም ጋር ይስማማል፤ ነጭ ግድግዳ ላይ ደግሞ ልዩ ነው። ሰሌን፣ ጋዜጣ፣ የአክስታችሁን መጅሊስ ትራስ፣ ያላችሁን ሁሉ አጠገቡ አድርጉ፤ አይጠየፍም። ስትገዙ ማን እንደፈተለው፣ የየት በግ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሻጩ ካወቀ ይነግራችኋል፣ ካላወቀ ዋጋ ቀንሱ። ከገዛችሁ በኋላ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ በዱላ አራግፉት። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ግን እንዳትከቱት፤ ተኮማትሮ የሕፃን መጠቅለያ ያክላል።