ዓሊ ቢራ መቼ ጠፋና?

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን ሞኖፖል ደፍሮ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ደግሞ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተሰኙት ሲዲዎች የዚያን ዘመን ሙዚቃ ለዓለም አሰማ። ባለውለታችን ነው፣ አይካድም። ዓለምም «የጠፋው ተገኘ!» አለ።

የድሬዳዋው ልጅ ዓሊ ቢራ ግን ተራው የደረሰው በ28ኛው ቅጽ፣ በ2013 ነው። ለመሆኑ እዚህ ማን ረስቶት ነው የሚገኘው? በልጅነቱ እዚሁ በአፍራን ቀሎ ቡድን የጀመረ፣ «ቢራ» የሚለውን ስም እንኳ ከመጀመሪያ ዘፈኑ ያገኘ ሰው ነው። ሸክላው ቢሰበር ካሴት፣ ካሴቱ ቢበጠስ የሰርግ ቤት አለ። በ2022 ሲያርፍ ያለቀሰለት ሕዝብ ሲዲ ገዝቶ አልነበረም የሚያውቀው።

የጠፋብንስ ሸክላው ነው። የዘፈኑን የመጀመሪያ እትም ዛሬ በእጁ ይዞ ማየት የሚፈልግ የድሬ ወጣት፣ ወዴት ይሂድ?