የጦር ኃይሎች ሻምፒዮናና የ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ

በቀላል ባቡሩ መሥመር ምዕራባዊ ጫፍ «ጦር ኃይሎች» የሚለውን ስም የሚያነብ መንገደኛ በአብዛኛው የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው። ይሁንና ይኸው ስም ከስድሳ ዓመት በፊት የአንድ ውድድርም መጠሪያ ነበር። የጦር ኃይሎች ሻምፒዮና የክብር ዘበኛውን፣ የምድር ጦሩንና የአየር ኃይሉን ስፖርተኞች ያገናኝ ነበር። በዚያ ዘመን ሯጭ ለመሆን የሚሻ ወጣት ደመወዝ፣ ቀለብና የልምምድ ጊዜ በአንድነት የሚያገኘው ከሠራዊቱ ዘንድ ስለነበረ፣ የአገሪቱ አትሌቲክስ በአመዛኙ በዚህ ጠባብ ሜዳ ላይ በቀለ ማለት ይቻላል። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም አበበ ቢቂላን ያገኙት ከክብር ዘበኛው ነው።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት አበበ አዲስ አበባ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጸመ። የቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3.2 ሰከንድ ነበር። ከተማችን 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። የመንገዱን ልኬት መጠራጠር የእኛ የመሐንዲሶች ልማድ ነው፤ ግን ጳጉሜን 5 ቀን ሮም ላይ የተመዘገበው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ለጥርጣሬ ቦታ አልተወም። ሌላው የክብር ዘበኛ ሯጭ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ በድሉ ትረካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሦስት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ከንጉሡ ጎን ቆሙ፤ በሜዳ የሚፎካከሩት ክፍሎች በከተማይቱ ውስጥ በጥይት ተገናኙ። ክብር ዘበኛው ተበተነ፤ አበበም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተለቀቀ። ሯጩን የሚቀልበው ክፍል ሲወድቅ ሯጩም አብሮ የሚወድቅበት አሠራር ነበርና፣ ከሮም የመጣው ሜዳልያ እንኳ ከእስር አላዳነውም።

አሠራሩ ግን ቀጠለ። አበበ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን ያሸነፉት የክብር ዘበኛ ሰዎች ሆነው ነው። ምሩጽ ይፍጠር ከአየር ኃይል፣ ደራርቱ ቱሉም ከማረሚያ ቤቶች ክለብ ወጡ።