ብርና ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች፦ የጥምረቱ ታሪክና ትምህርቱ

ብርን፣ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒትንና ፀረ-ተሕዋስያን ኬሚካልን በአንድ ናኖ ቅንጣት አጣምሮ ባክቴሪያን መዋጋት የዘመናችን ግኝት ተደርጎ ይወሰዳል። ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሚለካው ቅንጣት በእርግጥ አዲስ መሣሪያ ነው፤ የማጣመሩ ሐሳብ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አስቆጥሯል።

ጀርመናዊው የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ካርል ክሬዴ እ.ኤ.አ. በ1880 በላይፕዚግ ከተማ 2 በመቶ የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ በአራስ ሕፃናት ዐይን ላይ መጠቀም ጀመሩ። ከ10 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ይታይ የነበረው የዐይን ኢንፌክሽን ከ1 በመቶ በታች ወረደ። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ሲስፋፋ ብር ተዘነጋ። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ካርል ሞየር በ1965 ለቃጠሎ ሕክምና በ0.5 በመቶ መጠን መለሱት፤ ሆኖም ውሁዱ ከታካሚው ሰውነት ሶዲየምና ክሎራይድ ያሟጥጥ ነበር።

በ1968 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ፎክስ ብርን ከሰልፋዲያዚን ጋር በማዋሐድ ሲልቨር ሰልፋዲያዚንን አስተዋወቁ። 1 በመቶ የያዘው ክሬም በቃጠሎ ሕክምና በሰፊው ተሠራበት። በ1990ዎቹ ደግሞ ክሎርሄክሲዲን ታክሎበት የደም ሥር ካቴተሮች ተለበጡበት። በዚህም ብር፣ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒትና ፀረ-ተሕዋስያን ኬሚካል በአንድ ዕቃ ላይ ተገናኙ።

የጥምረቱ ጥቅም ምክንያት አለው። የብር አዮን ድኝ ካላቸው የፕሮቲን ክፍሎች ጋር ይጣበቃል፤ የባክቴሪያውንም ሽፋን ያሳሳል። በ2013 የታተመ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው፣ በትልቅነቱ ምክንያት የግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያን ውጫዊ ሽፋን ማለፍ የማይችለው ቫንኮማይሲን ከብር ጋር ሲሰጥ ውጤታማ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ባክቴሪያም ያጣምራል። በ1975 በቦስተን በአንድ የቃጠሎ ክፍል ሲልቨር ናይትሬትን፣ ክሎራምፌኒኮልንና አምፒሲሊንን በአንድነት የሚቋቋም ሳልሞኔላ ሦስት ሕሙማንን ገደለ፤ ክፍሉም ተዘጋ። በ1999 ብርን የመቋቋም ጂኖቹ በፕላዝሚድ ላይ ተለይተው ታወቁ። ያው ፕላዝሚድ ሌሎች መድኃኒቶችን የመቋቋም ጂኖችንም ይዟል። ስለዚህ ብር ያለአግባብ ሲዘወተር፣ ብርን ብቻ ሳይሆን አምፒሲሊንንም የሚቋቋመው ዝርያ ተመርጦ ይራባል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ናኖ ቅንጣት ጥምረቱን ወደ ቁስሉ በተሻለ ሁኔታ ሊያደርስ ይችላል፤ ከመላመድ ግን ነጻ አያወጣም። ብር የያዘ ማንኛውም ቅባት ወይም የቁስል ማሸጊያ ለፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች በሚደረገው ጥንቃቄ ልክ መታዘዝ ይገባዋል።