ዜና ድጓ፤ በጦርነት ዘመን የተበተነው ዜማ እንዴት እንደ ተሰበሰበ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በዐፄ ልብነ ድንግልና በልጃቸው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ዜማ ላይ የደረሰውን መከራ፣ ከመከራውም በኋላ የተሠራውን ሥራ እንጽፋለን። የነገሥታቱን ጦር ሌሎች ጽፈውታል። የኛ ነገር መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በዚያ ዘመን ስላለፉት ሰዎች ነው።

አስቀድመን ስለ ድጓው እንናገር። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፣ በአክሱም ዜማን በሦስት ስልት ደረሰ፤ እነርሱም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው። ለዓመቱ በዓላት ድጓን፣ ለዐቢይ ጾም ጾመ ድጓን፣ ለቁርባን ዝማሬን፣ ለሙታን መዋሥዕትን ሠራ። ቃሉ በብራና ተጽፎ ይቀመጣል። ዜማው ግን ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ እየተሻገረ ብዙ መቶ ዓመት ኖረ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ዕቃ ቤት ነበራት፤ አንዱ የመጻሕፍቱ፣ አንዱ የመምህራኑ ጉሮሮ።

ከዚህም በኋላ በ1521 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ማቴዎስ፣ በመጋቢት ወር፣ ሕዝቡ ግራኝ የሚላቸው የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ሽምብራ ኩሬ ላይ ተዋጉ። ድሉም የኢማሙ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢማሙ ወደ ሸዋና ወደ አምሐራ ዘለቁ፤ ንጉሡም ከአምባ ወደ አምባ ሸሹ። ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ዐፄ ናዖድ ጀምረዋት ልጃቸው የፈጸሟት፣ በወርቅ ያጌጠችው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም በ1524 ዓመተ ምሕረት በእሳት ጠፋች። የኢማሙ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ፣ ሠራዊቱ በውስጧ ያለውን ወርቅ አይቶ እንደ ተደነቀ በመጽሐፉ ተርኳል። እኛ ግን ከወርቁ ይልቅ የምናዝነው ከወርቁ ጋር ለነደደው ብራና ነው። ወርቅ ቢቀልጥ ወርቅነቱን አይለቅም፤ ብራና ከነደደ ግን አመድ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የዜማ ሰው ሥራው ምን ነበረ? የሞተ አለና ይቀበራል፤ የሚቀበርም ሰው ያለ ፍትሐትና ያለ መዋሥዕት አይሸኝም። ባላገሩ ቤቱ ተቃጥሎ፣ በሬው ተነድቶ፣ ልጁ በጦር ወድቆ ሳለ የቀረው ነገር ቢኖር ልጁን በአባቶቹ ቃል መሸኘት ነው። ደብተራው ሸሽቶ ከሆነ ያ ሬሳ በማን ቃል ይሸኛል? ስለዚህ ቤተ መቅደሱ ቢፈርስ ዜማው ከዛፍ ሥርና ከዋሻ አፍ አይታጣም ነበር። መጽሐፉ ተቃጥሏልና ሊቁ ከልቡ ይመራል፤ የልቡን የረሳ እንደ ሆነ የሚያቀናው ሌላ ሊቅ ፈልጎ ተራራ ይሻገራል። ከዚያ ዘመን የሚበልጥ የቃል ትምህርት ፈተና ኢትዮጵያ አላየችም።

ወደ ነገሥታቱ ነገር እንመለስ። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1533 ዓመተ ምሕረት መስከረም 5 ቀን በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ደብረ ዳሞ በገመድ ካልሆነ የማይወጣ አምባ ነው፤ ገመዱ ከተሳበ ሠራዊት ከታች ቆሞ ያያል እንጂ አይወጣም። ባለቤታቸው እቴጌ ሰብለ ወንጌልም እዚያ ተጠግተው ነበር። ገላውዴዎስ ገና ወደ 18 ዓመት ሲሆናቸው ነገሡ። በዚያው ዓመት የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ንጉሡን ለመርዳት 400 የፖርቱጋል ነፍጠኛ ይዘው በምጽዋ ገቡ፤ እቴጌይቱም ከአምባው ወርደው ተቀበሏቸው። ክሪስቶቮ በጦርነት ተማርከው ተገደሉ፤ የቀሩት ግን ከንጉሡ ጋር ተጨመሩ። በ1535 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ሉቃስ፣ በየካቲት፣ ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ወደቁ፤ ሠራዊታቸውም ተበተነ።

ሰላም በሆነ ጊዜ ግን ጦሩ ሸፍኖት የነበረው ጉዳት ተገለጠ። ብዙ ሰው በግድም በፍርሃትም ሃይማኖቱን ለውጦ ነበርና እየተመለሰ መጣ፤ ለተመላሹም መጽሐፈ ቄድር እየተነበበለት ንስሐ ተሰጠው። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰው ብቻ አልጎደላትም። ድጓ የሚገለበጥበት ድጓ ታጣ። ሊቃውንት እንደሚናገሩት፣ በጋይንት ቤተ ልሔም አንድ ድጓ ከእሳት ተርፎ ተገኘ፤ ቤተ ልሔም እስከ ዛሬ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው በዚህ ነው ይላሉ። መጽሐፍስ ከተገኘ ይገለበጣል። መምህሩ በጦር የሞተበት ዜማ ግን ከየት ይገለበጣል? ሁለቱ ዕቃ ቤቶች በአንድ ዘመን ሊዘረፉ እንደሚችሉ ሰው ያን ጊዜ ዐወቀ።

ስለዚህ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ በማኅሌት የተማሩ ሁለት ካህናት ተነሡ። የነገሥታቱ ዜና እንደሚል፣ የድጓውን ዜማ በምልክት መጻፍ ጀመሩ፤ ሥርዓትም አበጁለት፤ ንጉሡ ላነጿት ለተድባበ ማርያም ካህናትም አስተማሩ። ምልክቱ ከቅዱስ ያሬድ ከራሱ የመጣ ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ፤ እነርሱም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት ስምንቱ የጥንት ናቸው፣ ጌራና ራጉኤል የጨመሩት ድርስንና አንብርን ነው ይላሉ። በየትኛውም ቢሆን የተበተነውን ሰብስበው ሥርዓት ያስያዙት እነዚህ ሁለቱ እንደ ሆኑ ይነገራል።

የሥራውም ዓይነት እንዲህ ነው። ጸሐፊው ቃሉን ሲጽፍ በመስመርና በመስመር መካከል ስፍራ ይተዋል፤ በዚያም በቀጭን ብዕር ምልክቱን ያኖራል። ድፋት ድምፅን ዝቅ ያደርጋል፤ ቅናት ወደ ላይ ያነሣል፤ ደረት ከደረት ያስወጣል፤ ርክርክ ያንቀጠቅጣል፤ ይዘት ይይዛል፤ ቁርጥ ይቆርጣል። ከእነዚህም ጋር ከታወቁ የዜማ ክፍሎች የተወሰዱ ፊደሎች ይጻፋሉ፤ ያንን ፊደል ያየ ሊቅ ዜማው እንደዚያኛው እንደሚዜም ያውቃል። ነገር ግን ዜማውን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው በምልክቱ ብቻ አይዜምም። ጌራና ራጉኤል መምህሩን በብራና አልሻሩትም፤ መምህሩ የረሳ እንደ ሆነ የሚያስታውሰው ምስክር አቆሙለት። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለምኖ እየበላ፣ ዓመታት በመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ድጓውንም ከነምልክቱ በገዛ እጁ ይጽፋል። እንዲህ ሲሆን በጉሮሮው አንድ፣ በእጁ አንድ ይዞ ይወጣል። ቀጣዩ እሳት ሲመጣ ከሁለቱ አንዱ እንዲተርፍ ነው።

ቀጣዩም ጦርነት አልዘገየም። የሐረሩ አሚር ኑር ወደ ንጉሡ ዘመቱ፤ ዐፄ ገላውዴዎስም በ1551 ዓመተ ምሕረት በዘመነ ሉቃስ፣ መጋቢት 27 ቀን፣ ሐሙስ በሰሙነ ሕማማት፣ በጦር ሜዳ ወደቁ። ያ ሳምንት ከበሮ የማይመታበት፣ ጸናጽል የማይነሣበት ሳምንት ነው። ለወደቀው ንጉሥ ተብሎም ሥርዓቱ አይፈርስም፤ ስግደቱ ይሰገዳል፣ ግብረ ሕማማቱ ይነበባል።

በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው መጋቢት 30 ቀን ነበረ። ንጉሡ ከወደቁ ገና ሦስት ቀን ነው፤ ዙፋኑን ማን እንደሚይዝ ያሳስብ ነበር። በዚያች ሌሊት ምን እንደሚዜም ግን ማንም አላሳሰበውም፤ ከመስመሩ በላይ በቀጭን ብዕር ተጽፎ ነበርና።